ፋሲል ግንብና ጭላዳ በአንድ ቀን

ከጎንደር ተነስቶ ፋሲል ግንብንም የሰሜን ተራሮችንም በአንድ ቀን ማየት ይቻላል። ሁለቱም በዩኔስኮ የተመዘገቡ ናቸው፣ ተራሮቹ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ግንቡ በ1979፤ ደባርቅም ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ጣጣው ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

እኛ በተማሪነታችን የሄድን ዕለት አስጎብኚያችን ግንቡን አስቀደመ። ዳባት ላይ ሻይ ስንጠጣ ቀኑ ተጋምሷል። ደባርቅ የመግቢያ ከፍለን፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት አሳፍረን (ያለ እሱ አያስገቡም ነበር) ሳንቃበር አካባቢ ስንደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ሆነ። ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ውሎ ሲመሽ ተመልሶ ይወርዳል። እኛ ያየነው ጀርባቸውን ብቻ!

ግንቡ የትም አይሄድ፤ ለከሰዓት ይቆይ። ከጎንደር ሌሊት 11 ሰዓት መነሳት ነው። ዋልያን ግን በዚህ ጉዞ አትመኙ፤ እሱ በብዛት የሚታየው ከሳንቃበር አልፎ ጨነቅ አካባቢ ስለሆነ ማደር ይጠይቃል። ባለበቅሎውና ምግብ አብሳዩም እንጀራ የሚያገኙት እንግዳ ሲያድር ነው፤ ደርሶ መልሱ ለደባርቅ የሚተወው እምብዛም ነው።