ስለ ተጠበቀ የምስጢር ውል
ደንበኛ የሚባለው ኮምፒዩተር ከሩቅ አገልጋይ ጋር በምስጢር ለመነጋገር ሲሻ፣ አስቀድሞ የአገልጋዩን ማንነት በምስክር ወረቀቱ መርምሮ የጋራ ቁልፍ ማበጀት ግድ ይሆንበታል፤ ይህም ሥርዓት ቲኤልኤስ በተባለው የምስጢር መነጋገሪያ ደንብ በ1.2 እትሙ፣ ዋናው ነገር ሳይጀመር ሁለት ምልልስ ይፈጃል። ስለዚህ ሊቃውንቱ የፊተኛው ውል ድካም በከንቱ እንዳይቀር፣ አገልጋዩ የስምምነቱን ቃል በራሱ ቁልፍ ሰውሮ ለደንበኛው በትኬት መልክ እንዲያስረክብ፣ ደንበኛውም ትኬቱን በማኅደሩ ጠብቆ ሲመለስ በአንድ ምልልስ ብቻ እንዲገባ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ቲኤልኤስ 1.3 የትኬቱ ዕድሜ ከ7 ቀን እንዳያልፍ ወስኖ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከትኬቱ ጋር አብሮ መላክንም ፈቀደ፤ ዳሩ ግን ይህን ጥያቄ ጠላፊ ቀድቶ ሊደግመው ስለሚችል፣ ገጽ ለማንበብ እንጂ ገንዘብ ለማዛወር ሊውል አይገባም።