መጀመሪያ ጋዙ፣ ከዚያ ምድጃው

ተጓዦችን ይዞ ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ባሌ ወይም ወደ ወንጪ የሚወጣ የጉዞ አዘጋጅ ጓዙን የሚያሟላው መርካቶ ነው። ሸራው፣ ገመዱ፣ ጀሪካኑ፣ ድስቱ ሁሉ እዚያው አዲስ ከተማ ውስጥ ይገኛል። ጊዜ የሚወስደው የጋዝ ምድጃው ነው፤ ቢወስድም ተገቢ ነው። ድንኳን ቢያንጠባጥብ ተሸፋፍኖ ይታደራል፤ ብርድ ላይ እራት ሳይበስል ሲቀር ግን የጉዞው ሰው በሙሉ ይዳከማል።

ማገዶ ለቅሞ ማብሰል አይታሰብም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ ከ1996 እስከ 2017 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ የቆየ ስፍራ ነው። በብርዱ ቀስ ብሎ የሚያድገውን አስታ ለአንድ ድስት ሩዝ መቁረጥ ደንቡም ሕሊናም አይፈቅደውም። እሳቱ ከከተማ ተጭኖ መሄድ አለበት።

ልምድ ያለው ገዢ ገና ከሱቁ ደጃፍ ይለያል። ባለሱቁ «አባቴ፣ ይቺን ውሰድ፣ ኪስ ትገባለች» ብሎ እግሯ የሚታጠፍ ትንሽ ምድጃ ሲያወጣለት፣ ዋጋዋን ከመጠየቁ በፊት «ወንድሜ፣ ጣሳዋስ አለህ?» ይላል። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ጋዙ፣ ቀጥሎ ድስቱ፣ መጨረሻ ላይ ምድጃው።

ኪስ የምትገባዋ ምድጃ የምትሠራው አፉ ጥርስ ባለው፣ ድቡልቡል ጣሳ ላይ ተጠምዝዛ ነው። ክብደቷ እዚህ ግባ አይባልም፣ እሳቷም ብርቱ ነው። ጣሳዋ ግን ሁልጊዜ ገበያ ላይ የለም፤ ያለ ጣሳ ደግሞ ብረት ብቻ ናት። ሁለተኛው ዓይነት በፕላስቲክ ሻንጣ የሚሸጠው ጠፍጣፋ የጠረጴዛ ምድጃ ሲሆን፣ የፍሊት ቆርቆሮ የመሰለና ከ220 ግራም በላይ ጋዝ የሚይዝ ረጅም ጣሳ ይጎርሳል። ቦታ ይይዛል፤ ሆኖም ድስት አይጥልም፤ ጀበና እንኳ በወጉ ይቀመጥበታል። ሦስተኛው በትንሽ ሲሊንደር አናት ላይ የሚጠመደው ነው፤ እሱን በቅሎ እንጂ ሰው አይሸከመውም።

የጋዝ ጣሳ በአውሮፕላን አይጫንም፤ በእጅም ሆነ በሻንጣ ክልክል ነው። ጎንደር ድረስ በርሮ ደባርቅ ለመግባት ያሰበ ተጓዥ ጣሳውን በመኪና አስቀድሞ መላክ አለበት።

ብርዱ ሌላ ጉዳይ ነው። ረጅሙ ጣሳ ውስጥ በአብዛኛው ያለው ቡቴን ሲሆን፣ በባሕር ወለል ከፍታ ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ገደማ ላይ መትነኑን ያቆማል። ከፍታ እዚህ ላይ ይረዳል፤ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ በሰሜን ተራሮች ውስጥ 3,600 ሜትር በሚደርሰው ግጭ ሰፈር ቡቴን ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ገደማ ድረስ ይተናል። ችግሩ ጋዙ ሲተን ራሱን ጣሳውን ማቀዝቀዙ ነው፤ ንጋት ላይ ነበልባሉ እየኮሰመነ የሚሄደው ለዚህ ነው። ብልህ አብሳይ ጣሳውን ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ይዞት ያድራል። ጣሳን እሳት አጠገብ ማሞቅ ግን ነፍስ ያጠፋል።

በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ምስርና ባቄላ እሳት ይፈጃሉ። ነፋስ በሌለበት አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት 15 ግራም ያህል ጋዝ ይበቃል፤ አንዱ ረጅም ጣሳ እንግዲህ 15 ሊትር ያህል ያፈላል ማለት ነው። ነፋስ ከገባበት ፍጆታው እጥፍ ሊሆን ይችላል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ካሉት ቀጥቃጮች አንዱ ከቆርቆሮ የሚያጥፈው የነፋስ መከለያ ከምድጃው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት አይደለም፤ ጣሳውን ዙሪያውን እንዳያፍነው በአንድ ወገን ክፍት ይሁን። ሽሮ ቶሎ ይደርሳል፤ በሶና ቆሎ ጭራሽ እሳት አይሹም፤ ጓዝ ሲታሰብ እነሱም የነዳጅ ቁጠባ ናቸው።

አገራችን ውስጥ በጣም የሚያሰጋው የድስቱ ስፋት ነው። ለአሥር ሰው ወጥ የሚሠራበት ሰፊ ብረት ድስት በጠረጴዛው ምድጃ ላይ ሲጣድ ጠርዙ ከጣሳው ክዳን በላይ ይዘረጋል፤ ሙቀቱ ወደ ጣሳው ይመለሳል፤ ጣሳው ይፈነዳል። ድስትን ይዞ ሱቅ መሄድና ባዶ ምድጃ ላይ ጥዶ ማየት ይህን ያስቀራል። ለብዙ ሰው ከሆነ ሁለት ምድጃ መያዝ ወይም ሲሊንደሩን በበቅሎ መጫን ይሻላል።

ምድጃው ሲፈተሽ የመጋጠሚያው የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒ የሚሏት፣ መሰነጣጠቅ የለባትም። ጣሳው ከተገጠመ በኋላ መጋጠሚያው በሳሙና አረፋ ይቀባል፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ ያፈስሳል። ነበልባል መለኮስ ከሱቆቹ ውጭ፣ ሜዳ ላይ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ የደረሰውን ቃጠሎ ያየ የመርካቶ ነጋዴ ጨርቅና ካርቶን መሐል ክብሪት የሚጭር ገዢን ቢቆጣ እውነት አለው።

ድንኳን ውስጥ ማብሰል በፍጹም አይገባም። በከሰል ጭስ ቤተሰብ የሚያጣ ከተማ ምክንያቱን ያውቃል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ከጋዝ ምድጃም ይወጣል።

እንግዲህ ለሁለትና ለሦስት ሰው፣ በአነስተኛ ገንዘብ፣ የጠረጴዛው ምድጃ ይመረጣል፤ ትንሿን መግዛት የሚያዋጣው ለጉዞው የሚበቃ ጣሳ አብሮ ከተገኘ ብቻ ነው። ከጉዞ ስትመለሱ ባዶ ጣሳዎቻችሁን ተራራው ላይ አትተዉ፤ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊትም የቀረውን ጋዝ ክፍት ቦታ ላይ አንድዳችሁ ጨርሱት። ጣሳው ዞሮ ዞሮ እሳት አጠገብ በሚሠራ ቀጥቃጭ እጅ ይገባልና።