በንግድ ሥራ አመራር ትምህርት የጾታ እኩልነትና የተማሪ መሪዎች ድርሻ

በአንድ ትምህርት ቤት የጾታ እኩልነት ሰፍኗል ወይም አልሰፈነም ለማለት ብዙ ጊዜ የሚታየው የቅበላ መዝገብ ነው። ስንት ሴቶች ገቡ፣ ስንቶቹስ ተመረቁ ተብሎ ይጠየቃል። ይህ ቆጠራ አስፈላጊ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን በቅበላና በምረቃ መካከል በክፍል ውስጥ የሚሆነውን አያሳይም። በአሜሪካ የንግድ ሥራ አመራር የማስተርስ ትምህርት በሚሰጡ ተቋማት የታየው ሁኔታ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። ከዚሁ በመነሣት፣ ተማሪዎችን ወክሎ ለእኩልነት የሚሠራ የተማሪ መሪ በእጁ ያለው ኃይል ምን እንደሆነና የትኛው ሥራው ፍሬ እንደሚሰጥ ለመመርመር ይቻላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1908 የተመሠረተው የሐርቫርድ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ሴቶችን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በሁለት ዓመቱ የማስተርስ መርሐ ግብር መቀበል የጀመረው በ1963 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት የገቡት ስምንት ብቻ ነበሩ። ከኀምሳ ዓመት በኋላ ከአሥር ተማሪዎች አራት ያህሉ ሴቶች ሆኑ። ይሁን እንጂ በከፍተኛ ማዕረግ ከሚመረቁት መካከል የሴቶቹ ድርሻ ለብዙ ዓመታት ከቁጥራቸው ጋር የሚመጣጠን አልነበረም።

የዚህ ምክንያት በከፊል የሚገኘው በማስተማሪያው ዘዴ ውስጥ ነው። በዚህ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ዘጠና ያህል ተማሪዎች ይይዛል። መምህሩ ንግግር አያደርግም፤ ተማሪዎቹ «ኬዝ» የሚባለውን፣ አንድ ድርጅት የገጠመውን ችግር የሚተርክ ጽሑፍ አስቀድመው አንብበው ይመጡና ይከራከሩበታል። ከጠቅላላው ውጤት እስከ ግማሽ የሚደርሰው በክርክሩ በሚደረገው ተሳትፎ የሚሰጥ ነው። እንግዲህ እጅ ማውጣት ወይም አለማውጣት የጠባይ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የነጥብ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው። የጽሑፍ ፈተና ያረመ መምህር ወረቀቱን እንደገና ሊያየው ይችላል፤ የቃል ተሳትፎ ግን በመምህሩ ትዝታ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ትዝታም ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሚናገር ያደላል።

ተማሪዋ የምትናገረው አሳጥታ ነውን? በ2017 በአሜሪካ የኢኮኖሚክስ መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ለዚህ መልስ ይሰጣል። ጥናቱ የተካሄደው ከታወቁት አንዱ በሆነ፣ ስሙ ባልተገለጸ የንግድ ሥራ አመራር መርሐ ግብር ነው። ያላገቡና ያገቡ ሴቶች የክፍል ጓደኞቻቸው በማያዩአቸው ፈተናና የቤት ሥራ ውጤታቸው ተመሳሳይ ሲሆን፣ በሁሉም ፊት በሚደረገው ተሳትፎ ግን ያላገቡት ዝቅ ያለ ነጥብ አግኝተዋል። ከዚህም ሌላ አዲስ ገቢዎች ስለሚመኙት ሥራ መጠይቅ ሲሞሉ፣ ለከፊሎቹ መልሳቸውን የሥራ አማካሪው ብቻ እንደሚያየው፣ ለቀሩት ደግሞ ጓደኞቻቸውም ሊያዩት እንደሚችሉ ተነገራቸው። ጓደኞቻቸው እንደሚያዩት የተነገራቸው ያላገቡ ሴቶች የሚመኙትን ዓመታዊ ደመወዝ በ18,000 ዶላር፣ ለሥራ ሊጓዙ የሚፈቅዱበትን ጊዜ ደግሞ በወር በ7 ቀን ቀንሰው ጻፉ። በወንዶቹ ዘንድ እንዲህ ያለ ለውጥ አልታየም። ያላገባች ሴት ለሥራ እድገት የቸኮለች መስላ መታየቷ ለትዳር ዕድሏ እንደማይበጅ ትገምታለች፤ ስለዚህ ዕውቀት ሳያንሳት ትቆጠባለች። ዋጋውን ግን የምትከፍለው በነጥብና በደመወዝ ነው።

እዚህ ላይ የተማሪ መሪዎች ሥራ ትርጉም ያገኛል። ስለ እኩልነት ስብሰባ መጥራትና የሴቶችን ቀን ማክበር ቀላል ነው፤ ሆኖም ስብሰባው ላይ የሚገኙት አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው ያመኑት ናቸው። ስለዚህ በሐርቫርድ የሴት ተማሪዎች ማኅበር ወንዶችን የሚያሳትፍ ክንፍ አቋቋመ፤ በዋርተንም «ሃያ ሁለቶቹ» የተባለ የወንዶች ቡድን ተመሠረተ፤ ስያሜውም በጊዜው በወንድና በሴት ደመወዝ መካከል አለ ይባል ከነበረው የ22 ከመቶ ልዩነት የተወሰደ ነው። ይህ አካሄድ ተገቢ ነው። ሴቲቱ ዝም የምትለው በሚያዩዋት ዓይኖች ምክንያት ከሆነ፣ የዓይኖቹን ባለቤቶች ሳይዙ ዝምታውን መስበር አይቻልምና።

ከዚህ የበለጠ ክብደት ያለው ግን በትምህርቱ አሠራር ላይ የሚደረገው ለውጥ ነው። በሐርቫርድ ከ2010 ጀምሮ የተማሪዎችን ንግግር የሚመዘግቡ ጸሐፊዎች በክፍል እንዲቀመጡ ተደረገ፤ መምህራንም ወንዱንና ሴቲቱን ስንት ጊዜ እንደጠሩና እንዴት ነጥብ እንደሰጡ ወዲያው የሚያሳይ የኮምፒዩተር መሣሪያ ተሰጣቸው። በ2013 በከፍተኛ ማዕረግ ከተመረቁት መካከል የሴቶቹ ድርሻ እስከዚያ ድረስ ታይቶ ወደማያውቅ ደረጃ፣ 38 ከመቶ፣ ደረሰ። ለዚህ ከተወሰዱት ብዙ እርምጃዎች የትኛው ይበልጥ እንደሠራ ነጥሎ መናገር ያስቸግራል። ቅሬታም አልጠፋም፤ አንዳንድ ተማሪዎች የሙከራ መሣሪያ ተደረግን ብለዋል፤ ሌሎችም ከጾታው ይልቅ የሚከፋፍለን የሀብት ልዩነት ነው ሲሉ ተከራክረዋል። ይህ የመጨረሻው አስተያየት ሊናቅ የማይገባው ነው።

የመማሪያው ጽሑፍ ራሱም ሲመረመር ጉድለት ተገኝቶበታል። በ2014 የትምህርት ቤቱ ዲን ኒቲን ኖሪያ የቀድሞ ሴት ተማሪዎችን በይፋ ይቅርታ ሲጠይቁ፣ ዋና ባለ ጉዳይዋ ሴት የሆነችባቸው ኬዞች ከመቶ ዘጠኝ ያህል ብቻ እንደነበሩና በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ ሃያ ከመቶ ከፍ እንዲሉ እንደሚደረግ ቃል ገብተዋል።

የተማሪ መሪ በሁለት ዓመት መርሐ ግብር ውስጥ ሥልጣን ላይ የሚቆየው ቢበዛ አንድ ዓመት ያህል ነው። የጀመረው ሁሉ አብሮት ሊመረቅ ይችላል። በመሆኑም ከዲኑና ከመምህራኑ ጋር ሲነጋገር ሊይዘው የሚገባው የተለዋወጡ የመልካም ምኞት ቃላትን ሳይሆን በየክፍሉ የተጠሩትን ሴቶችና ወንዶች ቁጥር፣ የተሳትፎ ነጥብና የፈተና ነጥብ ጎን ለጎን የተጻፉበትን ሰንጠረዥ፣ እንዲሁም በየኮርሱ የሚነበቡትን ኬዞች ዝርዝር ነው። አዲስ ገቢዎች ስለ ሥራ ምኞታቸው የሚሞሉት መጠይቅም ለአማካሪው ብቻ እንዲደርስ መጠየቅ ወጪ የሌለበት ጉዳይ ሲሆን፣ ይኸውም በመጀመሪያው ሳምንት፣ ተማሪዎቹ ገና እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ ሊፈጸም ይገባዋል።