ጥሩምባ ነፊው የት ይኖራል? ስለ አጃቢ ገጸ ባሕርያትና መቼት ተረትና እውነታ

የአዲስ አበባውን ልደታ መቼት አድርጎ ልቦለድ የጀመረ ሰው ዋና ገጸ ባሕርዩን ለማግኘት ብዙ አይቸገርም፤ ወይ ራሱ ነው፣ ወይ ሊሆን ይመኘው የነበረው ሰው ነው። ጭንቁ የሚመጣው ሦስተኛው ምዕራፍ አካባቢ፣ ባለታሪኩ ከቤቱ ወጥቶ ሰላም የሚለው ሰው ሲያጣ ነው። ያን ጊዜ አጃቢ ፍለጋ ይጀመራል፦ አንድ ሊስትሮ፣ አንድ ሰካራም፣ አንድ ዘበኛ፣ አንዲት የጀበና ቡና ሻጭ። በማግስቱ ደግሞ መቼት ይታከልበታል፦ ጭቃ፣ ዝናብ፣ የልደታ ማርያም ደወል። ሰዎቹ በአንድ ቀን፣ ሰፈሩ በሌላ ቀን ይሠራሉ። በዚህ ጉዳይ ላይ በየሥነ ጽሑፍ ምሽቱ የሚደጋገሙት ተረቶች ሁሉ፣ በእኔ እይታ፣ የሚነሡት ከዚሁ ለሁለት የተከፈለ ሥራ ነው።

ተረት፦ መቼት ማለት ቦታውን ውብ አድርጎ መግለጽ ነው።

እውነታው ሌላ ነው። መቼት ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ፣ ማን የማንን ምስጢር እንደሚያውቅ ይወስናል። አንዲት ልጅ እርግዝናዋን ደብቃለች እንበል። የምትኖረው በድሮው ልደታ፣ ግቢ ውስጥ በተደረደሩ የቀበሌ ቤቶች በአንዱ ከሆነ ምስጢሯ ሁለት ሳምንት አያድርም። መጸዳጃው የጋራ ነው፤ ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ጎረቤት ሲያስል ይሰማል። ጠዋት ጠዋት ስታስመልስ መጀመሪያ የምትሰማት የቀጣዩ ክፍል አሮጊት ናቸው። እሳቸውም አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ በር ላይ ሎሚ ያስቀምጡላታል። ደራሲው አሮጊቷን አልፈለጋቸውም፤ ግድግዳው ነው ያመጣቸው።

ያችኑ ልጅ አሁን ወደ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ እናውጣት። በር ይዘጋል፣ መጸዳጃው የግሏ ነው፣ አሮጊቷ ከታሪኩ ወጡ። ምስጢሩን የሚያውቀው አሁን ሌላ ሰው ነው፦ ማታ ማታ ማን ከየትኛው መኪና እንደሚወርድ የሚያየው የብሎኩ ጥበቃ፣ ወይም ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን እየተሸከመ ደረጃ የሚወጣላትና ሰሞኑን ለምን ራሷ አንድም ጀሪካን እንደማታነሣ የገባው ልጅ። ጥበቃው ሎሚ አያስቀምጥም። እሱ የሚያውቀውን ነገር ምን እንደሚያደርግበት ገና አልታወቀም፤ ስለዚህ ታሪኩ ራሱ ሌላ ታሪክ ሆኗል።

ጥሩምባ ነፊውንም እዚሁ ላንሣው። በድሮው ሰፈር ገና ሳይነጋ እየዞረ መርዶ የሚለፍፈው የእድር ሰው ለልቦለድ ጸሐፊ እንደ ስጦታ ነበር። ሁሉንም ቤት ያውቃል፣ ማን እድር እንዳቋረጠ ያውቃል፣ እሱ በሩ ላይ ሲደርስ የማይደነግጥ ሰው የለም። የኮንዶሚኒየሙ እድር ግን ለቅሶውን ወረቀት ላይ ጽፎ ደረጃው ሥር ቢለጥፈው ይበቃዋል። በ2010ዎቹ በሚካሄድ ታሪክ ውስጥ ጥሩምባውን አራተኛ ፎቅ ሥር ማስነፋት የሚፈልግ ደራሲ ይችላል፤ ብቻ ሰውየው ለምን እስካሁን እንደሚነፋና ማን መስኮት ከፍቶ እንደሚቆጣው መጻፍ አለበት። እንዲያውም ከዚያ የተሻለ ምዕራፍ አይገኝም።

ሰፈሩን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ማውጣት ለሚፈልግ ደግሞ ግንቦት 1 አለ። በልደታ ቀን ንፍሮው የሚቀቀለው፣ ዳቦው የሚቆረሰው፣ ቡናው የሚፈላው ከቤት ውጭ ነው። የማይነጋገሩ ጎረቤቶች እንኳ መዋጮ አዋጥተው አንድ ቦታ ይቀመጣሉ። ማን ከማን ራቅ ብሎ እንደተቀመጠ፣ ማን እንደቀረ፣ የማን መዋጮ እንደጎደለ መጻፍ ብቻ ስምንት አጃቢ ገጸ ባሕርይ በአንድ ጊዜ ያስተዋውቃል።

ተረት፦ አጃቢ ገጸ ባሕርይ የሚኖረው ለዋናው ሲል ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ከታተመ ወዲህ ከበዛብህና ከሰብለ ወንጌል እኩል በሰው አፍ የቀረው ጉዱ ካሣ ነው። መጽሐፉን ያላነበበውም በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ አውቆታል፤ ዛሬም ሰው ሁሉ የተስማማበትን ልማድ ብቻውን የሚቃወም ሰው ሲገኝ «ጉዱ ካሣ» ይባላል። ጉዱ ካሣ ለፍቅረኞቹ ይጠቅማቸዋል፣ ግን ለእነሱ ብሎ አልተፈጠረም። የራሱ ክርክር አለው፤ ክርክሩም ከሰብለ ወንጌል አባት ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት ጋር፣ ከዘር ቆጠራውና ከባላባት ሥርዓቱ ጋር ነው። ያን ቤት አፍርሰን ካሣን ብቻውን ብናስቀረው የሚለፈልፍ ሰው ይሆናል። አንድ ጀማሪ «የእኔን ጉዱ ካሣ» ልደታ ላይ ልፍጠር ካለ መጀመሪያ መሥራት ያለበት እብዱን ሳይሆን እብዱ የሚጣላውን ቤት ነው።

ተረት፦ ለእያንዳንዱ አጃቢ ሙሉ የሕይወት ታሪክ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

አያስፈልግም። እንግሊዛዊው ኢ. ኤም. ፎርስተር በ1927 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ገጸ ባሕርያትን ጠፍጣፋና ክብ ብሎ ሲከፍል ጠፍጣፋዎቹን አልናቀም፤ የዲከንስ ሰዎች አብዛኞቹ ጠፍጣፋ ሆነው ሕይወት እንዳላቸው አስተውሏል። ለአጃቢ የሚበቃው ሁለት ነገር ነው፦ ዛሬ ምን ይፈልጋል? ዋናው ሰው የማያውቀውን ምን ያውቃል?

የልደታ ፍርድ ቤት ደጅ ላይ የሚሠራን ራፖር ጸሐፊ እንውሰድ። የት እንደተወለደ፣ ስንተኛ ክፍል እንዳቋረጠ ሦስት ገጽ መጻፍ ይቻላል፤ አንባቢ አያስታውሰውም። የሚያስታውሰው ይህን ነው፦ ሴትዮዋ እያለቀሰች «እህቴ ካደችኝ» ስትለው እሱ ቀና ሳይል «ተከሳሽ የከሳሽን ድርሻ ለማካፈል ፈቃደኛ ባለመሆናቸው» ብሎ ይጽፋል። የሰውን ሁሉ መከራ ዳኛ ሳይሰማው የሚሰማው እሱ ነው። ያቺ እህት ትናንት መጥታ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ የራሷን አቤቱታ እንዳስጻፈችም ያውቃል። ዛሬ የሚፈልገው ደግሞ ከምሳ በፊት አንድ ተጨማሪ ባለጉዳይ ብቻ ነው። ይናገር ይሆን ወይስ ዝም ይል? አሁን ሰው ሆነ።

ተረት፦ የሰፈሩ ስም ካልተጠራ ታሪኩ የሁሉም ይሆናል።

የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ሮም ሲታተም ቦታና ዘመን ለይቶ አልጠራም፤ ለዚያ ዓይነት ምሳሌያዊ ታሪክ ያዛልቃል። ሐዲስ ግን ማንኩሳንና ዲማን በስማቸው ጠርተው ጎጃምን ያልረገጠ ሰው አስለቅሰዋል።

ተረት፦ ስሙን ከቀየርኩት ሰውየውን ደበቅሁት።

ይህኛው ተረት ሕይወት አስከፍሏል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ወጣ። ታሪኩ የሚካሄደው በደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አሥመራ ላይ ነው፤ በዓሉም ዘመቻውን በቅርብ ያየ ሰው ነበር። ባለሥልጣናቱ በሌላ ስም ቢቀርቡም አንባቢ ማን ማን እንደሆነ ለመለየት አልተቸገረም። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ኃላፊነቱ ተነሣ፣ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። ጥፋቱ የጨካኞቹ እንጂ የእሱ አይደለም፤ ነገር ግን ሰውን የሚያስታውቀው ስሙ ሳይሆን ሥልጣኑ፣ ቦታውና ጊዜው መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ዛሬም አንድን የቀበሌ ሊቀመንበር እስከ ዓመተ ምሕረቱ ገልጾ «ስሙ ፈጠራ ነው» ማለት ራስን ማታለል ነው። መደበቅ የሚፈልግ ወንበሩን ይቀይር፣ ስሙ እንደፈለገ ይሁን።

ተረት፦ አድጌበታለሁና ማጥናት አያስፈልገኝም።

ትዝታ ዓመታትን ያደባልቃል። ቦሌ ሳይከፈት የአዲስ አበባ አውሮፕላን የሚያርፈው ልደታ ነበር። ቀበሌና የቀበሌ ቤት የመጡት ትርፍ ቤት በሐምሌ 1967 ከተወረሰ በኋላ ነው፤ «ልደታ ክፍለ ከተማ» የሚለው አጠራር ደግሞ የ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፣ በደርግ ዘመን የነበረው «ከፍተኛ» ነው። የከተማው ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው በ2008 ነው፤ ከልደታ ጣቢያ በኋላ አንዱ መስመር ወደ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ወደ አብነትና አውቶብስ ተራ ስለሚለያይ፣ ሁለት የተጣሉ ፍቅረኞችን መለየት የፈለገ ደራሲ ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም። በ2004 ካሳፈራቸው ግን ልደታ ያደገ አንባቢ መጽሐፉን እዚያው ያጥፈዋል።

ተረት፦ አነጋገሩን ካጣመምኩት ገጸ ባሕርይ ወጣው።

ቃል እያበላሸ የሚያስቅ ዘበኛና ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ከቴሌቪዥን ድራማው ወደ ልቦለዱ ከገቡ ቆዩ። በበኩሌ ከእንግዲህ ባይመጡ ደስ ይለኛል። አማርኛ የሰውን ቦታ ለማሳየት ቃል ማጣመም አያስፈልገውም፤ አክብሮቱ ይበቃዋል። የብሎኩ ጥበቃ ባለመኪናውን «ደህና አመሹ ጋሼ» ብሎ በር ይከፍታል፣ የጥበቃ መዋጮ ሦስት ወር ያልከፈለውን ጎልማሳ መምህር ግን «አንተ፣ ኮሚቴው ይፈልግሃል» ይለዋል። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችውን ልጅ እስካለፈው ወር «አንቺ» ነበር የሚላት፤ ዛሬ ማታ «እርስዎ» ካላት፣ ከየትኛው መኪና እንደወረደች አይቷል ማለት ነው።