በዳገት ላይ ስለሚቆም ምንጣፍ አጣቢ መኪና

ቤትን በንጽሕና መያዝ የባለቤቶቹን ክብር ከሚያስታውቁት ነገሮች አንዱ ነው። ዳሩ ግን ንጽሕናን እናገኛለን ሲባል የሰው ሕይወት በአደጋ እንዳይወድቅ መጠንቀቅ ከንጽሕናው የሚቀድም ነገር ነው። ስለዚህ ምንጣፍ የሚያጥብ ሞተር የተጫነበት መኪና በዳገት ላይ ቆሞ ሲሠራ ምን ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው፥ ዛሬ በዚህ ገጽ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለመግለጽ አሰብን።

ቀድሞ ምንጣፍ የቆሸሸ እንደ ሆነ ተጠቅልሎ ወጥቶ በወንዝ ዳር ወይም በግቢ ይታጠብ ነበር፤ ዛሬም ወደ ላቫጆ ተወስዶ መታጠቡ የተለመደ ነው። ነገር ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተነጥፎ ከወለሉ ጋራ የተጣበቀውን የመሥሪያ ቤትና የአዳራሽ ምንጣፍ እየነቀሉ መውሰድ አይቻልም። ስለዚህ በ1970ዎቹ ዓመታት፥ በአውሮጳ አቆጣጠር፥ በአሜሪካ ማጠቢያውን ሞተር በመኪና ላይ ጭኖ ወደ ባለቤቱ ደጅ መውሰድ እየተለመደ ሄደ። ይህ መሣሪያ ውሃውን አሙቆ በቀጭን ቱቦ ወደ ቤት ይልካል፤ በወፍራሙ ቱቦ ደግሞ የቆሸሸውን ውሃ ስቦ በመኪናው ላይ ወዳለው በርሜል ይመልሳል። መኪናው ደጅ ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ፥ ሠራተኛው በእልፍኝ ውስጥ ሆኖ ያጥባል። ጥቅሙም አደጋውም ከዚሁ ላይ ነው፤ ሠራተኛው ምንጣፉን ሲያይ መኪናውን የሚያይ ሰው የለምና።

በሜዳ አገር ይህ ብዙ አያሳስብም። በምዕራብ ሐረርጌ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የባቡሩ ሐዲድ ዳገቱን ሸሽቶ በሚኤሶ በኩል በቆላው ሲያልፍ፥ የመኪናው መንገድ ከሚኤሶ ተነሥቶ ወደ ጨርጨር ተራሮች ይወጣል፤ ጭሮንም አልፎ ወደ ሒርና ይሄዳል። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሳሉ ያቋቋሟት፥ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ የተባለችው ጭሮ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በተራሮች መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ስፍራ ባለቤቱ «መኪናውን ከደጄ አቁሙት» ሲል፥ ብዙ ጊዜ «ከዳገቱ ላይ አቁሙት» ማለቱ ነው።

እኛም ከጥቂት ጊዜ በፊት ለሥራ ወደ ጭሮ ሄደን ሳለን፥ ለሴት ልጁ ሠርግ ቤቱን በሚያሰናዳ አንድ ወዳጃችን ዘንድ ይህን በዐይናችን አየን። ፓምፕና በርሜል የተጫነባት አንዲት ትንሽ የጭነት መኪና ከቤቱ በላይ በዳገቱ ላይ ቆማ ነበር። ረዳቱም ከጎማዋ ሥር ጡጫ የምታህል ድንጋይ አኖረ። በረንዳ ላይ የተቀመጡት የባለቤቱ እናት ይህን አይተው፥ «ልጄ፥ ይህች ድንጋይ እንኳን ለመኪና ለጉልቻም አትበቃ» አሉት። ረዳቱ ሳቅ ብሎ «እሺ እማማ» አለና፥ ለአክብሮታቸው ሲል ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች አምጥቶ ከሁለቱ የኋላ ጎማዎች ሥር አስጠጋ። ሥራው በተጋመሰ ጊዜ የእጅ ፍሬኑ ለቀቀና መኪናይቱ ተንቀሳቀሰች፤ ነገር ግን ከድንጋዮቹ ተደግፋ ቆመች። ከበታችዋ ሦስት ሕፃናት ከቱቦው በሚንጠባጠበው የሳሙና አረፋ ይጫወቱ ነበር። ከዚያ በኋላ በቤቱ ስለ ምንጣፉ የተናገረ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ይህ ለምን እንደሚሆን እንናገር። የቆመ መኪና በዳገት ላይ ሞተሩ ጠፍቶ ማርሽ ገብቶለት ሲተው፥ የእጅ ፍሬኑ ቢላላ እንኳ ማርሹ ይይዘዋል። ማጠቢያው ከመኪናው ሞተር ኃይል የሚወስድ የሆነ እንደ ሆነ ግን፥ ሞተሩ መሥራት ስላለበት መኪናው ከማርሽ ውጪ ይቆማል፤ የሚይዘውም የእጅ ፍሬኑ ብቻ ነው። በ100 ሜትር ርቀት 10 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ 3,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና ወደ 300 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ቁልቁል ይሳባል፤ ይህም የ3 ኩንታል ጤፍ ክብደት ያህል ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናልና፥ በርሜሎቹ በሞሉ መጠን ይህ ኃይል ይጨምራል። ስለዚህ ፍሬኑን ከያዙ በኋላ ከሁለቱ የኋላ ጎማዎች ሥር በቁልቁለቱ ወገን ጠንካራ ታኮ ማስገባት፥ የፊት ጎማዎችንም ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ወይም ወደ ግንቡ ጎን ማዞር ግዴታ ነው። ማጠቢያው የራሱ ሞተር ያለው እንደ ሆነ ግን፥ የመኪናውን ሞተር አጥፍቶ ማርሽ ማስገባት ይገባል።

ሁለተኛው ነገር የመሣሪያው ጤና ነው። ሞተር በጣም ያዘመመ እንደ ሆነ በሥሩ ያለው ዘይት ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፤ የዘይቱም ፓምፕ በዘይት ፈንታ አየር ይስባል፤ ሞተሩም ሳይታወቅ ይቃጠላል። የዘይት መለኪያው ዘንግ እንኳ ባዘመመ መኪና ላይ ሐሰት ይናገራል። የቆሻሻው ውሃ በርሜል ደግሞ ሲሞላ ስበቱን የሚያቆም ተንሳፋፊ ኳስ አለው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው በርሜል ቀደም ብለን በጠቀስነው ዳገት ላይ ሲቆም፥ የውሃው ጥልቀት ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በ10 ሳንቲ ሜትር ይለያያል፤ ስለዚህ ኳሱ ሳይነሣ ውሃው ወደ አየር ሳቢው ገብቶ ሊያበላሸው ይችላል። እያንዳንዱ ሞተር ምን ያህል ማዘንበል እንደሚችል በመጽሐፉ ተጽፎለታልና፥ ያን አንብቦ መጠበቅ ነው። የመኪናውም ወለል ማዘንበሉን ለማወቅ፥ ውሃ ያለበትን ብርጭቆ በላዩ አኑሮ ማየት ይበቃል።

ሦስተኛው የማቆሚያው ስፍራ ምርጫ ነው። ደልዳላ ስፍራ በ30 እርምጃ ርቀት የተገኘ እንደ ሆነ፥ ቱቦውን አስረዝሞ እዚያ ማቆም ከሁሉ ይሻላል። ይህ ካልተገኘ ግን መኪናው ከቤቱ በላይ ከሚቆም ከቤቱ በታች ቢቆም ይመረጣል፤ ቢለቅም ወደ ቤቱ አይመጣም፤ ከእልፍኝ የሚሳበውም ውሃ ቁልቁል በቀላሉ ይወርዳል። ከበታቹም ሰው፥ ከብት ወይም ሌላ ቤት አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል። መኪናው ከቤቱ በላይ የቆመ እንደ ሆነ፥ ሞተሩ ሲጠፋ በቱቦው የቀረው እድፍ ተመልሶ በታጠበው ምንጣፍ ላይ ይፈስሳልና፥ አስቀድሞ ቱቦውን ባዶ ማድረግ ይገባል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለ ጭሱም አንድ ቃል እንጨምር። በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ ሰው እንደሚገድል እናቶቻችን ሁሉ ያውቃሉ፤ ከሞተር የሚወጣውም ያው ሽታ የሌለው መርዝ አለበት። ቱቦው እንዲገባ በሩ ክፍት ስለሚሆን፥ የጭሱ መውጫ ከበርና ከመስኮት ተመልሶ ነፋሱ ወደሚሄድበት ወገን መሆን አለበት። የተጠራቀመውንም እድፍ በዳገቱ ላይ ማፍሰስ፥ ከበታች ላለው ጎረቤት ጓሮና ጉድጓድ መላክ ነውና ነውር ነው።

ይህን ሁሉ የሠራተኛው ነገር ነው ብሎ መተው አይገባም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081፥ መኪና ወይም የሞተር መሣሪያ ላደረሰው ጉዳት፥ መሣሪያውን ያንቀሳቀሰው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ፥ ባለቤቱ ኃላፊ እንዲሆን ይደነግጋል። በፍርድ ቤት ቃል ስንጽፍ «የእጅ ፍሬን ይዤ ነበር» ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምተናል፤ ሆኖም የተበደለውን ካሳው እንደ ቀድሞው አያደርገውም። ስለዚህ የቤቱ ጌታ ደልዳላውን ስፍራ ያሳይ፤ እመቤቲቱም ሕፃናቱን ከመኪናው በታች ትሰብስብ፤ አንድ ዐዋቂ ሰውም ሥራው እስኪፈጸም ከመኪናው ዘንድ ይቁም።

በመጨረሻም፥ ሥራው ሲያልቅ ድንጋዩን ከመንገድ ማንሣት አይዘንጋ። ለአንዱ ሕይወት ያዳነው ድንጋይ በመንገድ የቀረ እንደ ሆነ፥ ማታ ለሚመጣው ለሌላው መሰናክል ይሆናልና።