የእግር መንገድ ጠባቂ ይፈልጋል
ስለ ጋምቤላ ደጋማ መንገዶችና ስለ በጎ ፈቃድ ሥራ

ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ ሲተምን በመጀመሪያ የገዛበትን፣ ቀጥሎም ቀረጡንና የመኪናውን ኪራይ ይቈጥራል። ዕቃው መኪና ከሚደርስበት ሥፍራ ከመድረሱ በፊት በሰው ትከሻና በጋማ ከብት ጀርባ ያለፈበትን ቀጭን መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ከሒሳቡ ውስጥ አያገባውም። ይሁን እንጂ ከመዠንግር ደን የሚወጣው ቡና፣ ማርና ኮረሪማ ጉዞውን የሚጀምረው በዚሁ ቀጭን መንገድ ላይ ነው። መንገዱን ጎርፍ ሲቦረቡረው፣ የወደቀ ግንድ ሲዘጋውና ሣር ሲውጠው ተሸካሚው ይዘገያል፤ ቡናው በዝናብ ይርሳል፤ የረጠበው ቡናም ይሻግታል። ያን ጊዜ ኪሣራው በገበሬው ላይ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ገዢው፣ ከገዢውም ወደ ላኪው ይተላለፋል።

የጋምቤላ ታሪክ ራሱ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ቦታ ለንግድ ጣቢያነት እንዲከራይ ተፈቅዶ ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጣቢያው በጋምቤላ ተቋቋመ። የእንፋሎት መርከቦችም ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይ፣ በሶባትና በባሮ ላይ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዘው ጨውና የጥጥ ጨርቅ ያመጡ፣ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭነው ይመለሱ ጀመር። ሱዳን ነጻነቷን ካገኘች በኋላ በ1949 ዓ.ም. ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት እጅ ተመለሰ።

ስለ መርከቡ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ በቅሎው መንገድ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ነገር ግን አንዱ ያለ ሌላው ዋጋ አልነበረውም። ጋምቤላ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቆላ ላይ ስትገኝ፣ የቡናው መሰብሰቢያ ጎሬ ግን 2,000 ሜትር ያህል በሚደርስ ደጋ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለውን ቁልቁለት በቡሬ በኩል የሚወርዱት ባለ አጋሰሶችና ተሸካሚዎች ነበሩ። መርከቡ የሚመጣው በክረምት ወንዙ ሲሞላ ነው፤ የበቅሎው መንገድ የሚረገጠው ደግሞ በበጋ ነው። ስለዚህ ቡናው በበጋ ወርዶ በጋምቤላ መጋዘን ውስጥ መርከብ ሲጠብቅ ይቈይ ነበር። በበጋው መጀመሪያ መንገዱ ካልተመነጠረ፣ የዓመቱ መርከብ ሙሉ ጭነት ሳያገኝ ሊመለስ ይችል ነበር ማለት ነው።

በዚያ ዘመን የመንገድ ምንጣሮና ድልድይ ሥራ በየአገሩ በአብዛኛው የሚከናወነው በግዴታ ነበር። ገባሩ በአለቃ ትእዛዝ ይወጣል፤ ትእዛዙ ሲቀር እርሱም ይቀራል። በትእዛዝ ብቻ የቆመ መንገድ ያዛዡን ዕድሜ ያህል ብቻ ይኖራል። ይህ ነገር በጊዜው ብቻ ሳይሆን ዛሬም ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ዛሬ የካርቱም መርከብ ከቀረ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ከጎሬ ወደ ጋምቤላ የሚወርደውም የመኪና መንገድ ነው። ቢሆንም በክልሉ ምሥራቅ፣ ሜጢን ዋና ከተማው ባደረገው በመዠንግር ዞን፣ የእግር መንገድ አገልግሎቱ አላበቃም። በዚያ ያለው ደን በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ በዓለም አቀፍ የሕይወታዊ ክልል ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል፤ ስፋቱም ከ225 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። የመዠንግር ሕዝብ ቀፎውን በረዣዥም ዛፎች ላይ ሰቅሎ ማር በማምረት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ቀፎው በተሰቀለበት፣ ቡናው በበቀለበት ሁሉ መኪና አይደርስም፤ ደግሞም ሊደርስ አይገባውም። መኪና እንዲደርስ ደኑን መቍረጥ ማርን ከነምንጩ ማድረቅ ነውና።

እንግዲህ ለእንደዚህ ያለው አገር የሚስማማው በሚገባ የተያዘ የእግር መንገድ ነው። የአያያዙም ጥበብ በገንዘብ ረገድ ከባድ አይደለም። የመንገድ ዋና ጠላት ውኃ ነው። ዳገቱን ቀጥ ብሎ የሚወጣ መንገድ በመጀመሪያው ክረምት ፈፋ ይሆናል፤ ጎኑን እየተከተለ በዝግታ የሚወጣ ግን ዘመን ይሻገራል። መንገዱ ወደ ቁልቁለቱ በኩል ጥቂት ዘንበል ቢል ውኃው አቋርጦት ያልፋል እንጂ አይሮጥበትም። ውኃ በሚበረታበት ላይ ድንጋይ ወይም ግንድ አግድም ቀብሮ ወደ ጎን ማስወጣት ይበቃል። ጭቃ በበዛበት ሥፍራ መንገደኛው ዳር ዳሩን እየረገጠ መንገዱን ያሰፋዋል፤ ሣሩም ይሞታል፤ አፈሩም ይታጠባል። ስለዚህ ሰዎች የከፈቱትን አቋራጭ በእሾህ መዝጋትም ከጥገና ይቈጠራል። ይህን ሁሉ ለመሥራት ዶማ፣ አካፋ፣ ገጀራና መጥረቢያ፣ እንዲሁም በዓመት ሁለት ጊዜ የሚገኝ የሰው እጅ ይበቃል፤ አንዱ ከዝናብ በፊት ቦዩን ለመጥረግ፣ ሌላው ከዝናብ በኋላ ሣሩንና የወደቀውን ግንድ ለማንሣት።

በአገራችን ለመሬትና ለአፈር የሚደረግ የጋራ ሥራ እንግዳ አይደለም። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በብዙ ክልሎች ገበሬው በየዓመቱ በበጋ ያለ ክፍያ እየወጣ እርከን ሲሠራ፣ ችግኝ ሲተክልና ተዳፋቱን ከልቅ ግጦሽ ሲከልል ቈይቷል። በዚህም የተራቈቱ ብዙ ተራሮች ለምልመዋል። ሆኖም ከዘመቻው ቀን በኋላ ማን እንደሚጠብቀው ያልታወቀ እርከን እንደሚፈርስ፣ ባለቤት የሌለውም ችግኝ እንደሚደርቅ ሁሉም ያውቃል። የጎደለው የሰው ብዛት ሳይሆን የእያንዳንዱ ክፍል ጠባቂ ነው።

ይህን ጕድለት የሞሉ ሰዎች በሌላው ዓለም ይገኛሉ። በሰሜን አሜሪካ የአፓላችያን ተራሮችን ተከትሎ 14 ስቴቶችን የሚያቋርጥ፣ ርዝመቱ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የእግር መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1925 የተቋቋመ ማኅበር ሥራውን ያስተባብራል፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ በሕግ ብሔራዊ መንገድ ሆኗል። መሬቱ በአብዛኛው የሕዝብ ሲሆን፣ መንገዱን የሚጠግኑት 30 ያህል የበጎ ፈቃደኞች ክበቦች ናቸው። የሥራው ምስጢር ግልጽ ነው፦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠባቂ የሌለው ቍራጭ የለም። እያንዳንዱ ክበብ የተወሰነ ርዝመት ተረክቧል፤ ግንድ ቢወድቅ የማን ሥራ እንደ ሆነ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

ለእኛ ይህ እንደ አዲስ ትምህርት ሊታይ አይገባም። ደቦውም፣ ጅጌውም፣ ወንፈሉም ከአባቶች የወረስናቸው ናቸው። ዛሬ ለእኔ የወጣ ነገ እንድወጣለት ያውቃል፤ ሥራውም በትዝብትና በውለታ ይጠበቃል እንጂ ተቈጣጣሪ አያሻውም። ይህን ልማድ ከእርሻው ወደ መንገዱ ማሻገር ነው የቀረን።

በዚህ ላይ አንዳንድ ነጋዴዎች፣ «ግብር እንከፍላለን፤ መንገድ የመንግሥት ሥራ ነው» ሊሉ ይችላሉ። ስለ ዋናው ጎዳና ከሆነ አባባሉ ትክክል ነው። ነገር ግን ቀፎ ወደ ተሰቀለበት ዛፍ የሚወስደውን መንገድ በበጀት የሚጠግን መሥሪያ ቤት በየትም አገር ማግኘት ያዳግታል። መንገዱን የሚያውቀው የሚሄድበት ነው፤ የሚጠቀምበት ደግሞ ሄያጁና ገዢው ሁለቱም ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ጕልበቱን ካወጣ፣ ሌላው እጁን አጣጥፎ መቀመጡ ፍትሕ አይሆንም።

ይሁን እንጂ በጎ ፈቃድም ሥርዐት ይሻል። የተስተካከለ መንገድ ለማር ሻጩ እንደሚመቸው ሁሉ ለሕገ ወጥ ግንድ ቈራጩም ይመቸዋል። ስለዚህ አዲስ መንገድ ከመክፈት ነባሩን ማደስ ይሻላል፤ የትኛው ይታደስ፣ የትኛውስ ይዘጋ የሚለውንም የሚወስኑት በደኑ ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ሊሆኑ ይገባል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 1065/2010 ከመንግሥትና ከግል ደን ሌላ የማኅበረሰብንም ደን ስላወቀ፣ ይህ አካሄድ በሕግም የተደገፈ ነው።

የተፋሰሱ ጉዳይ ደግሞ ከደኑ ነዋሪዎች አልፎ የቆላውን ነጋዴ ይመለከታል። ከምሥራቁ ደጋ የሚወርደው አልዌሮ በአቦቦ አጠገብ ተገድቦ 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ እንዲይዝ ሆኖ ተሠርቷል። ከላይ መንገዱ ፈፋ፣ ተዳፋቱም ራቁት ሲሆን፣ አፈሩ ተጠርጎ የሚወርደው ወደ ወንዝና ወደ ግድብ ነው። በዚያ ውኃ ለሚለማው መሬት ዘርና መሣሪያ የሚሸጥ ባለ ሱቅ ከደጋው መንገድ ጋር ግንኙነት የለኝም ሊል አይችልም።

ስለዚህ በጋምቤላ፣ በሜጢና በአካባቢው ያሉ ቡናና ማር ገዢዎች ዕቃቸው ከሚመጣበት መንገድ አንዱን ክፍል በስም ቢረከቡ ይበጃል። ወጪው የጥቂት ዶማዎችና አካፋዎች ዋጋ፣ ለሚሠሩት ሰዎች የሚቀርብ ምሳና የሁለት ቀን ጊዜ ነው። ባለ ሱቁ መሣሪያውን ያዋጣ፤ ላኪው ምሳውን ይቻል፤ መንገዱን የሚያውቀው ሽማግሌ ሥራውን ይምራ። ቢቻል ነጋዴው ራሱም ዶማ ይዞ ይውጣ፤ ዕቃው የሚያልፍበትን ዳገት አንድ ቀን በእግሩ የወጣ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ስለ ተሸካሚው ዋጋ ሲከራከር ቃሉን ይመዝናል። ዝናቡ ጊዜውን ጠብቆ ይመጣልና፣ ቦዩ ከግንቦት በፊት መጠረጉን ከአሁኑ ማሰብ ይገባል።