የከሰል ፍም በቤት ውስጥ፦ በማይታየው ጋዝ የሚደርስ መመረዝና የጤና ባለሙያው ድርሻ

መግቢያ

በአገራችን ከሰል ከቤት ኑሮ ጋር ለረጅም ዘመን ተቆራኝቶ የኖረ ማገዶ ነው። ቡና የሚፈላው፣ ወጥ የሚሠራው፣ እጣን የሚጨሰው በፍም ነው፤ በክረምት ዝናብና በጥቅምት ብርድ ቤት የሚሞቀውም በአብዛኛው በማንደጃ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ያላቸው ቤተሰቦችም ቢሆኑ መብራት ሲጠፋ ወደ ከሰል መመለሳቸው የተለመደ ነው። ይህ የዘወትር ባልደረባ ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዛማ ጋዝ በማመንጨት የቤተሰቡን አባላት በአንድ ሌሊት ሊጨርስ ይችላል። «የከሰል ጢስ አፍኗቸው አደሩ» የሚለው መርዶ በየክረምቱ ለኅብረተሰቡ እንግዳ አይደለም።

አደጋው ሁለት ጊዜ ሊታለፍ ይችላል። በመጀመሪያ ጋዙ የማይታይና የማይሸት በመሆኑ ቤተሰቡ ሳያውቀው ይቀራል። ቀጥሎም ምልክቶቹ ሌሎች የተለመዱ በሽታዎችን ስለሚመስሉ፣ ታማሚው ወደ ጤና ተቋም ደርሶ እንኳ ለወባ፣ ለታይፎይድ ወይም ለምግብ መመረዝ መድኃኒት ተሰጥቶት ወደዚያው ቤት ሊመለስ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመመረዙን አመጣጥ፣ አለያየት፣ ሕክምናና መከላከያ ባጭሩ ማስረዳት ነው።

ጢስ የሌለው ፍም ለምን ይጎዳል?

በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ የሚጎዳው ገና በደንብ ያልተያያዘው ጢሳም ከሰል እንጂ የጋመው ፍም አይደለም የሚል እምነት አለ። ስለዚህም ማንደጃው በደጅ ተያይዞ ጢሱ ካለቀ በኋላ ያለ ሥጋት ወደ ቤት ይገባል። ይህ ልማድ ዓይንንና ሳንባን ከሚያቃጥለው ጢስ በተወሰነ ደረጃ ቢያድንም ከካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አያድንም።

ምክንያቱ የቃጠሎው ባሕርይ ነው። በማንደጃው ታችኛ ክፍል አየር የሚያገኘው ፍም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመነጫል። ይህ ጋዝ ወደ ላይ ሲወጣ በጋለው ከሰል መካከል ስለሚያልፍ እንደገና ከካርቦን ጋር ተዋሕዶ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። በፍሙ ላይ አልፎ አልፎ የሚታየው ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ ሲቃጠል የሚፈጠር ነው። ነበልባሉ ሲጠፋና ፍሙ ቀልቶ ብቻ ሲቀር ጋዙ ሳይቃጠል በቀጥታ ወደ ክፍሉ ይገባል። ለሌሊቱ ሙቀት እንዲቆይ ተብሎ ፍሙ በአመድ ሲዳፈንም የአየሩ መጠን አነሰ እንጂ ቃጠሎው አልቆመምና የጋዙ መመንጨት ይቀጥላል።

እንጨት ሲነድ ዓይን ስለሚያስለቅስና ስለሚያስል ሰው በሩን ይከፍታል ወይም ይወጣል። የጋመ ከሰል ግን ይህን ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። በተጨማሪም የካርቦን ሞኖክሳይድ ክብደት ከአየር ጋር በእጅጉ የተቀራረበ ስለሆነ ጋዙ በክፍሉ ውስጥ በሙሉ ይሠራጫል። መሬት ላይ የተኛም ሆነ አልጋ ላይ የተኛ እኩል ይጋለጣል።

ቤት ሲታደስ የሚለወጠው ነገር

ማንደጃው ሳይለወጥ ቤቱ ሲለወጥ አደጋው ሊጨምር እንደሚችል ልብ ማለት ያስፈልጋል። የሣር ክዳን ያለው ጎጆና ግድግዳው የተሰነጣጠቀ የጭቃ ቤት በየቀዳዳው አየር ያስገባሉ፣ ያስወጣሉም። ቤተሰቡ አቅም አግኝቶ ግድግዳውን በሲሚንቶ ሲለስን፣ ኮርኒስ ሲያለብስ፣ የብረት በርና የመስታወት መስኮት ሲያስገባ፣ ወይም ብርድ ለመከላከል ስንጥቆቹን በጨርቅና በፕላስቲክ ሲደፍን፣ ቤቱ ያምራል፣ ይሞቃልም። ነገር ግን የአየር ልውውጡ ይቀንሳል። ፍሙ የሚያመነጨው መጠን ሳይለወጥ የክፍሉ የአየር ልውውጥ በግማሽ ቢቀንስ፣ በመጨረሻ በክፍሉ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ በእጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ «ለዓመታት በዚህ ቤት ከሰል ስናነድ ምንም አልሆንም» የሚለው አባባል ከእድሳቱ በኋላ ዋስትና ሊሆን አይችልም። ይኸው ሁኔታ በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ጠባብ ክፍሎች፣ በኪራይ በሚያዙ የአንድ ክፍል ቤቶችና በጥበቃ ሠራተኞች ማደሪያዎችም ይታያል። መብራት ሲጠፋ በቤት ውስጥ ወይም በመስኮት አጠገብ የሚነሣ ጀነሬተርም ተመሳሳይ ጋዝ የሚያመነጭ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 እስከ 250 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በዚህም የሚፈጠረው ካርቦክሲሄሞግሎቢን ኦክስጅን የመሸከም አቅምን ይቀንሳል። ከዚህም ሌላ በሄሞግሎቢኑ ላይ የቀረው ኦክስጅን በቀላሉ ወደ ሕዋሳት እንዳይለቀቅ ያደርጋል። ጋዙ በልብና በጡንቻ ከሚገኘው ማዮግሎቢንና በሕዋሳት ውስጥ ኃይል ከሚያመነጩ ኤንዛይሞች ጋርም ይጣበቃል። በመሆኑም ቀድመው የሚጎዱት ብዙ ኦክስጅን የሚሹት አንጎልና ልብ ናቸው።

እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ባላቸው ደጋማ ሥፍራዎች በመጀመሪያውኑ በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ጉዳቱ ሊከፋ ይችላል። ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ የልብና የሳንባ ሕሙማን፣ የደም ማነስ ያለባቸውና ነፍሰ ጡሮች በይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። የፅንስ ሄሞግሎቢን ጋዙን አጥብቆ ስለሚይዝና ዘግይቶ ስለሚለቅ፣ እናቲቱ ቀላል ምልክት ብቻ እያሳየች ፅንሱ በከፍተኛ ደረጃ ሊጎዳ ይችላል።

ምልክቶቹና አለያየቱ

መለስተኛ መመረዝ በራስ ምታት፣ በማዞር፣ በማቅለሽለሽ፣ በማስመለስና በድካም ይገለጻል። መጠኑ ሲጨምር የሐሳብ መዘበራረቅ፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የጡንቻ መዛልና ራስን መሳት ይከተላሉ። ብዙዎች አደጋው እንደገባቸው እንኳ ተነሥተው በሩን ለመክፈት የሚያቅታቸው እግራቸው ስለሚዝል ነው። በመጨረሻም የሰውነት መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መዛባት፣ ኮማና ሞት ሊደርስ ይችላል። በመማሪያ መጻሕፍት የሚጠቀሰው የቆዳ መቅላት በሕይወት ባለ ታማሚ ላይ የሚታየው ከስንት አንዴ በመሆኑ እስኪታይ መጠበቅ አይገባም።

ምርመራው የሚጀምረው በመሣሪያ ሳይሆን በጥያቄ ነው። ሦስት ጥያቄዎች አብዛኛውን ነገር ይገልጻሉ፦ ቤት ውስጥ ከሰል ወይም ሌላ ነገር ይነድ ነበር ወይ? አብሮ የነበረ ሌላ ሰው ታሟል ወይ? ሕመሙ ከቤት ሲወጣ ቀለል፣ ሲመለሱ ይብስ ነበር ወይ? ትኩሳት ሳይኖር የአንድ ቤት ሰዎች በአንድ ሰዓት ራሳቸውን ቢያማቸውና ቢያስመልሳቸው፣ የበሉት ምግብ ብቻ ሳይሆን የተነፈሱት አየርም ሊጠየቅ ይገባል።

እዚህ ላይ በልዩ ጥንቃቄ መታየት ያለበት ፐልስ ኦክሲሜትር ነው። በየጤና ተቋሙ የተለመደው መሣሪያ ካርቦክሲሄሞግሎቢንን ኦክስጅን ከተሸከመ ሄሞግሎቢን መለየት አይችልም። በመሆኑም በኦክስጅን እጦት ላይ ያለ ታማሚ 98 ወይም 99 በመቶ ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ይህ ቁጥር ታማሚውን ለማሰናበት ወይም ኦክስጅን ለመከልከል ምክንያት መሆን የለበትም። ትክክለኛውን መጠን የሚለካው ኮ-ኦክሲሜትር ነው። በማያጨስ ሰው ላይ ከ3 እስከ 4 በመቶ፣ በሚያጨስ ሰው ላይ ከ10 በመቶ በላይ የሆነ ካርቦክሲሄሞግሎቢን መመረዙን ያመለክታል። ይሁን እንጂ ታማሚው ንጹሕ አየር ሲተነፍስ ቆይቶ ከደረሰ መጠኑ ወርዶ ሊገኝ ስለሚችል፣ ዝቅተኛ ውጤት መመረዙን አያስተባብልም። መሣሪያው በሌለበትም ታሪኩና ምልክቶቹ ሕክምና ለመጀመር በቂ ናቸው።

ሕክምና

የመጀመሪያው እርዳታ በሥፍራው ይፈጸማል። በርና መስኮት ተከፍቶ ታማሚዎቹ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት አለባቸው፤ የሚያወጣው ሰውም በክፍሉ ውስጥ መቆየት የለበትም። ራሱን የሳተ ነገር ግን የሚተነፍስ ታማሚ በጎኑ ይተኛል። ትንፋሹ የቆመ ከሆነ ልብንና ሳንባን የማነቃቃት እርዳታ ይጀመራል። በየቤቱ የተለመደው ወተት የማጠጣት ልማድ ጋዙን ከደም አያስወጣም፤ ራሱን ለሳተ ሰውም ወደ ሳንባ ገብቶ ሊያፍነው ስለሚችል መከልከል አለበት። ሽንኩርት ወይም ሎሚ ማሽተትም ውድ ጊዜ ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም።

በጤና ተቋም ዋናው መድኃኒት ኦክስጅን ነው። የአየር ማጠራቀሚያ ከረጢት ባለው ማስክ በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር፣ የፐልስ ኦክሲሜትሩ ንባብ ምንም ይሁን ምን፣ ሳይዘገይ ይሰጣል። ጥቅሙን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ተራ አየር በሚተነፍስ ሰው ደም ውስጥ ያለው ካርቦክሲሄሞግሎቢን በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ከፍተኛ መጠን ያለው ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይበቃል። መጠኑ 32 በመቶ የደረሰ ታማሚ ወደ 8 በመቶ ለመውረድ በተራ አየር 10 ሰዓት ያህል ሲያስፈልገው፣ በኦክስጅን ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይበቃዋል።

ኦክስጅኑ ምልክቶቹ ፈጽሞ እስኪጠፉ ይቀጥላል፤ ለነፍሰ ጡሮች ምልክቶቹ ከጠፉም በኋላ ለረዘም ያለ ጊዜ ይሰጣል፣ የፅንሱም ሁኔታ ይመረመራል። የደም ስኳር መለካት፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ማድረግና የአንጎል ሁኔታን በጥንቃቄ መፈተሽ ተገቢ ነው። ኦክስጅን የሌለው ጤና ኬላ ታማሚውን በንጹሕ አየር እያቆየ በአስቸኳይ ወደ ከፍተኛ ተቋም መላክ ይኖርበታል። በዚያው ቤት ያደሩት ሌሎች ሰዎች፣ ደህና ነን ቢሉም እንኳ፣ ተጠርተው መታየት አለባቸው።

ከመዳን በኋላም ክትትል ያስፈልጋል። አንዳንድ ታማሚዎች ከተሻላቸው ከቀናት እስከ ሳምንታት በኋላ የመርሳት፣ የጠባይ መለወጥ፣ የእርምጃ መዛባት ወይም ሽንትን ያለመቆጣጠር ችግር ይታይባቸዋል። ቤተሰቡ ይህን እንደ አዲስ በሽታ ወይም እንደ መንፈስ ጣጣ እንዳያየው አስቀድሞ ሊነገረውና ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ለቀጠሮ እንዲመለስ ሊደረግ ይገባል።

መከላከል፦ የቤተሰቡን ልማድ ሳያጥላሉ ማስተማር

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የካርቦን ሞኖክሳይድ የ24 ሰዓት አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ4 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በየቤቱ ለመለካት ባይቻልም፣ መጠኑን በእጅጉ የሚቀንሱ ተግባራት ግን በማንኛውም ቤተሰብ አቅም ሊፈጸሙ ይችላሉ።

«ከሰል አታንዱ» የሚል ምክር ቡና ለሚፈላበት ቤት ተቀባይነት አያገኝም። የሚጠቅመው ከሰሉ የት፣ እንዴትና እስከ መቼ እንደሚነድ ማስተማር ነው። ማንደጃው በተቻለ መጠን በረንዳ ወይም ደጅ ይሁን። ወደ ቤት ከገባም በርና ትይዩው መስኮት ክፍት ሆነው ይቆዩ፤ አንዱን ብቻ ገርበብ ማድረግ ብዙም አየር አያንቀሳቅስም። ከሁሉም በላይ ቤተሰቡ ከመተኛቱ በፊት ፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ፤ በአመድ መዳፈኑ እንደ ማጥፋት አይቆጠርም።

ማድ ቤት የሚሠራ ወይም ቤት የሚያድስ ቤተሰብ የበሩን ትይዩ መስኮት፣ በጣሪያውና በግድግዳው መካከል የማይደፈን ክፍተት፣ ከተቻለም የጢስ መውጫ እንዲያደርግ መምከር ይገባል። እንደ ላቀች ያለው የተሻሻለ የከሰል ምድጃ ማገዶ ይቆጥባል፤ ሆኖም ካርቦን ሞኖክሳይድ ማመንጨቱን ስለማያቆም በተዘጋ ክፍል እንዲነድ ፈቃድ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

አራስ ቤት የተለየ ትኩረት ይሻል። እናትና ጨቅላ ብርድ እንዳይመታቸው በሚል በሩ ተዘግቶ ማንደጃ አጠገባቸው ይቀመጣል። ዓላማው መልካም ስለሆነ ምክሩም ሙቀቱን የሚተካ መሆን አለበት። ጨቅላውን በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ በብርድ ልብስ መሸፈን፣ ኮፍያና ካልሲ ማልበስና ቶሎ ቶሎ ማጥባት ከፍም ይልቅ አስተማማኝ ሙቀት ይሰጣል። ይህን ለማስተማር የቅድመ ወሊድ ክትትል፣ የድኅረ ወሊድ ቀጠሮና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤት ለቤት ጉብኝት ምቹ አጋጣሚዎች ናቸው።

ማጠቃለያ

በከሰል ምክንያት የሚደርስ መመረዝ በቀላሉ የሚታለፍ፣ በቀላሉም ሊከላከሉት የሚቻል አደጋ ነው። ራሱን ያመመውንና የሚያስመልሰውን ታማሚ ስለ ማንደጃው መጠየቅ፣ የፐልስ ኦክሲሜትርን መልካም ንባብ አለማመን፣ ኦክስጅንን ሳይዘገዩ መስጠትና ታማሚው የሚመለስበትን ቤት ሁኔታ ሳያውቁ አለማሰናበት ከእያንዳንዱ የጤና ባለሙያ ይጠበቃል። ከሰሉ ነገም በየቤቱ መንደዱ አይቀርምና፣ ዛሬ የተመከረችው እናት ማታ ፍሙን ወደ ደጅ ካወጣች፣ ምክሩ ፍሬ አፍርቷል ማለት ነው።